ስለ ምድር ሽቦ፤ «ትንሽ ይነዝረኛል» ስለሚባለው ነገር

ከጥቂት ወራት በፊት በጅጅጋ ከተማ የወጥ ቤት ንጽሕና ለመመልከት ከቤት ወደ ቤት ስንዘዋወር አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግሩ አገኘናቸው። የወጥ ቤታቸው ወለል የተጠረገ፣ የሊጡ ዕቃ የተከደነ፣ የውሃው ጀሪካን ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ነበረ በመዝገባችን ላይ መልካም ምልክት አድርገን ልንወጣ ተነሣን። በዚህ ጊዜ ሴትዮዋ ምጣዱን ከመንካታቸው በፊት ከግድግዳው ሥር የተቀመጠውን የላስቲክ ጫማ ፈልገው ሲጫሙ አየን። «እማማ፣ ጫማው ለምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ምጣዱ ትንሽ ይነዝረኛል፤ ጫማውን ሳደርግ ግን ይተወኛል» አሉን። ይህንንም የተናገሩት ስለ አሮጌ ወንበር መንጋደድ እንደሚያወራ ሰው ያለ አንዳች ሥጋት ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ስንጠይቅ «ከገዛነው ጀምሮ ነው» ሲሉ መለሱ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታቸውም፣ «የእኔም እንዲሁ ነው፤ እኔ ግን ጣውላ ላይ እቆማለሁ» ብለው ጨመሩ።

በዚህ መጽሔት ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ ዝንብና ስለ መጸዳጃ ቤት ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ስለ ኤሌክትሪክ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባብያን ከሥራችን የራቀ ሊመስል ይችላል። እኛ የጤና ሠራተኞች እንጂ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አለመሆናችን እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪም ሳልን «ትንሽ ሳል ነው» ብሎ ንቆ እንደማያልፍ ሁሉ፣ እኛም «ትንሽ ይነዝረኛል» የሚለውን ቃል ሰምተን በዝምታ ማለፍ አልተቻለንም። መንዘሩ ምልክት ነው። በሽታው በቤቱ ውስጥ የምድር ሽቦ አለመኖሩ ወይም መበላሸቱ ነው። የላስቲክ ጫማውም ምልክቱን የሚደብቅ ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ኮረንቲ ወደ መጣበት ሳይመለስ ሥራ የማይሠራ ነገር መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ቤታችን የሚገቡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለሙያዎች ፌዝ የሚሉት፣ ኃይሉን የሚያመጣው ነው። ሁለተኛው ኒውትራል የሚባለው፣ ኮረንቲውን ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመልሰው ነው። በመካከላቸው ያለው ግፊት በአገራችን 220 ቮልት ነው። አሁን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር፣ ኒውትራሉ በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከመሬት ጋራ የታሰረ መሆኑ ነው። ስለዚህ መሬት ራስዋ ሦስተኛ የመመለሻ መንገድ ናት። በባዶ እግሩ ወይም በእርጥብ ጫማ መሬት ላይ የቆመ ሰው ፌዝ የነካውን ብረት በእጁ በያዘ ጊዜ፣ ሌላ ሽቦ ሳይነካ መንገዱን በገዛ አካሉ ይሞላዋል። ኮረንቲው በእጁ ገብቶ፣ በደረቱ አልፎ፣ በእግሩ ይወጣል። በደረት ውስጥ ያለው ደግሞ ልብ ነው።

ስንት ያህል ኮረንቲ ሰውን ይጎዳል? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ መምህር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል ይህን ጉዳይ በፈቃደኞች ላይ ለብዙ ጊዜ መርምረዋል። ያገኙትም፣ በእጁ የያዘውን ብረት ለመልቀቅ የማይችልበት ደረጃ ላይ ለመድረስ ለወንድ በአማካይ 16 ሚሊ አምፔር፣ ለሴት 10 ሚሊ አምፔር ተኩል ያህል የሚበቃ መሆኑን ነው። ሚሊ አምፔር ማለት የአምፔር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የደረት ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ትንፋሽም ያቆማል። ወደ 100 ሚሊ አምፔር የሚደርስ ኮረንቲ ለጥቂት ጊዜ በደረት ቢያልፍ ልብ ሥርዓቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ደምም አይረጭም። ለማነጻጸር ያህል፣ ቀድሞ በየቤቱ ይሰቀል የነበረው የ60 ዋት አምፑል የሚወስደው 270 ሚሊ አምፔር ያህል ነው። አንድ አምፑል ለማብራት የሚበቃው ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው።

የደረቀ ቆዳ ኮረንቲን በብዙ ይቃወማል። በሊጥ፣ በሳሙና ውሃ ወይም በላብ የራሰ ቆዳ ግን ተቃውሞው እጅግ ስለሚቀንስ የሰውነት ተቃውሞ በጠቅላላው ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልት በ1000 ሲካፈል 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ያችው ምጣድ ትናንት «ትንሽ» የነዘረችው እጅ ደረቅ፣ ጫማውም ደህና ስለ ነበረ ነው። ነገ ጫማው ቢቀደድ፣ ወለሉ ቢረጥብ፣ ወይም ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው ምጣዱን በሌላው የውሃ ቧንቧ ቢይዙ መጠኑ ያው ትንሽ እንደሚሆን ማንም ዋስ ሊሆናቸው አይችልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ ጫማውን የሚያውቁት እናት ናቸው እንጂ ባዶ እግሩን እየሮጠ ወደ ወጥ ቤት የሚገባው ሕፃን አይደለም።

የምድር ሽቦ የሚባለው፣ ባለሙያዎች ኧርዝ ወይም ግራውንድ የሚሉት፣ ከምጣዱ ወይም ከማቀዝቀዣው የብረት አካል ተነሥቶ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ነው። በአሁኑ ዘመን ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ዝንጉርጉር ነው። በደህና ጊዜ ምንም ሥራ የለውም። በውስጥ ያለው ፌዝ ተላልጦ ብረቱን የነካ ዕለት ግን ኮረንቲው በሰው ፋንታ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ያደርጋል። ዕድሜ ልኩን ሥራ ፈት መስሎ ስለሚኖር፣ ቁጠባ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው።

ብዙ ቤቶች ያለ ምድር ሽቦ የቀሩበትን ምክንያት ያለ ፍርድ መመልከት ይገባል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በተቋቋመበት ዘመን ኤሌክትሪክ ለአብዛኛው ሰው ማለት መብራት ማለት ነበር፤ ዛሬም ሰው «መብራት ጠፋ» ይላል እንጂ «ኤሌክትሪክ ተቋረጠ» አይልም። ከጣራ ላይ ለተንጠለጠለ፣ ማንም ለማይነካው አምፑል ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። በኋላ ግን በዚያው ባለ ሁለት ሽቦ ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣ ገባ፣ የልብስ ማጠቢያ ገባ፣ የሻወር ውሃ ማሞቂያ ገባ፣ ከሁሉም በላይ ምጣድ ገባ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚወስድ፣ የጋለው ሽቦ በሸክላው ሥር ባለ ቦይ ውስጥ የሚተኛ፣ ዙሪያው በላሜራ የተሸፈነ ዕቃ ነው። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጥና ውሃ ወደ ሽቦው ይወርዳል፤ ሽቦውም ከቦዩ ወጥቶ ላሜራውን ይነካል። በእኛ አስተያየት በቤት ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የምድር ሽቦ የሚያስፈልገው እንደ ምጣድ ያለ የለም።

በጅጅጋና በአካባቢዋ ያለ አንድ ልዩ ነገር ደግሞ እንጨምር። በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ገበያችን የሚገባው ዕቃ ብዙው ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚመጣ ነው። በእነዚያ አገሮች፣ ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ የሚሠራበት ስፒና የእንግሊዝ ዓይነት ሲሆን ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት፤ ረጅሙ የላይኛው እግር የምድር ሽቦ ነው። የእኛ ሶኬት ግን ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ሆኖ፣ ምድሩ በጎንና በጎን በተቀመጡ ሁለት የብረት ምላሶች የሚነካ ነው፤ እርሱም ምላሶቹ ያሉት እንደ ሆነ ነው። ሁለቱ ስለማይገጥሙ ባለቤቱ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል። ወይ በገበያ የሚሸጠውን ርካሽ ማገናኛ ይገዛል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሦስት እግር ተቀብለው ሁለት ብቻ ያስተላልፋሉ። ወይ ስፒናውን ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ይተካበትና አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ አጥፎ በፕላስተር ይጠቀልለዋል። ወይም ረጅሙን እግር በጉጠት ነቅሎ ይጥለዋል። በሦስቱም መንገድ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል፤ የጎደለው ነገር መኖሩን የሚነግር ግን ምንም የለም። ማገናኛ የምትገዙ ሰዎች በመግዣችሁ ጊዜ ገልብጣችሁ በጎኑ የብረት ምላስ መኖሩን ተመልከቱ። የሌለው እንደ ሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለብረት ዕቃ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የእጅ ሠራተኛም ጭምር፣ አንድ የብረት ዘንግ በግቢ ቀብሮ ሽቦውን ካሰረበት በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ዘንጉ በተቀበረበት ስፍራ መሬቱ 100 ኦም ተቃውሞ አለው እንበል። ፌዙ የምጣዱን ብረት ሲነካ 220 ቮልት በ100 ኦም ተካፍሎ 2 አምፔር ከሩብ የማይሞላ ኮረንቲ ወደ መሬት ይፈስሳል። የምጣዱ ብሬከር ግን የሚቆርጠው ከ20 አምፔር በላይ ሲያልፍ ነው፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የምጣዱም አካል ከ220 ብዙም ባልራቀ ቮልት እንደ ተሞላ ይውላል፤ ቆጣሪውም ይቆጥራል። ብሬከር የተሠራው ሽቦው ግሎ ቤት እንዳያቃጥል ለመጠበቅ ነው እንጂ ሰውን ለመጠበቅ አለመሆኑን ብዙ የተማሩ ሰዎች እንኳ አያውቁትም። እኛም ትምህርታችንን እስክንጨርስ ድረስ አናውቅም ነበር።

ይህንን ጉድለት የሚሞላው ነጋዴዎች አርሲዲ የሚሉት መሣሪያ ነው። በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ኮረንቲ ዘወትር እያመዛዘነ ይጠብቃል። ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም በሞላ ጊዜ፣ ይኸውም የሄደው ሁሉ እንዳልተመለሰና በሌላ መንገድ እንደ ሾለከ ሲገነዘብ፣ ዓይን ተርገብግቦ ሳይከደን ይቆርጠዋል። ከላይ ስማቸውን ያነሣናቸው ዳልዚል የሰውን አካል መርምረው ሳይወሰኑ በ1961 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ሠርተዋል። ከእርሱ ጋራ ሲሆን መቶ ኦም የነበረው ዘንጋችን በጣም በቂ ይሆናል፤ 30 ሚሊ አምፔር በ100 ኦም ሲባዛ 3 ቮልት ብቻ ነውና። መሣሪያው ያለ ምድር ሽቦ የሚሠራ ቢሆንም በዚያ ጊዜ የሚቆርጠው ሰው ብረቱን ከነካ በኋላ ነው። ከምድር ሽቦ ጋራ የሆነ እንደ ሆነ ግን ማንም ሳይነካው አስቀድሞ ይቆርጣል። ሁለቱ አንድ ላይ እንዲሆኑ የምንመክረው ስለዚህ ነው።

አርሲዲ ያስገቡ አንዳንድ ሰዎች «ምጣዱን ስናበራው ይቆርጥብናል» ብለው አስወጥተውታል። ይህ ሳሉ እንቅልፍ ስለ ነሣው ጉሮሮውን እንደሚያንቅ ሰው ማድረግ ነው። መሣሪያው የሚቆርጠው ከምጣዱ ኮረንቲ ስለሚሾልክ ነው፤ መታከም ያለበት ምጣዱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አፈሩ መናገር አለብን፤ በእኛ አገር ከሁሉ የከበደው ነገር እርሱ ነውና። መሬት ኮረንቲን የሚያስተላልፈው በውስጡ ባለው እርጥበትና በእርጥበቱ በሟሟው ጨው አማካይነት ነው። በጅጅጋ ሜዳ በብዙ ስፍራ የሚገኘው ጥቁር አፈር በከረን ዝናብ፣ ይኸውም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ጭቃ ይሆናል፤ በዚያ ወራት የተቀበረ ዘንግ ተለክቶ ጥሩ ሆኖ ይገኛል። ጂላል ሲገባ ግን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያው አፈር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ከዘንጉም ዙሪያ ይሸሻል። በመስከረም የተመሰገነ ዘንግ በየካቲት ስሙ ብቻ ይቀራል። ወደ ሲቲ ዞን ወርደን በሽንሌ፣ በኤረርና በደወሌ ያለውን አሸዋማና ድንጋያማ መሬት ስንመለከት ደግሞ ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ነው ለማለት ይቻላል።

እኛ በትምህርት ላይ ሳለን በኖርንበት በህንድ አገር በየሕንፃው ጎን በሲሚንቶ ክዳን የተሸፈነ ትንሽ ጉድጓድ እናይ ነበር። በውስጡ የምድሩ ዘንግ ወይም ቧንቧ በከሰልና በጨው ተከቦ ተቀብሯል፤ በበጋም የቤቱ ዘበኛ ክዳኑን አንሥቶ ውሃ ያፈስበታል። በመጀመሪያ ተክል የሚያጠጣ መስሎን ሣቅን፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ሲነገረን አፈርን። ጨው ብረትን ስለሚበላ እርሱን እንደ መጨረሻ ዘዴ እንጂ እንደ መጀመሪያ አናቀርበውም። ውሃውን ማጠጣት ግን ለጅጅጋ የሚስማማ ነው፤ ንጹሕ ውሃ ማባከን ሳያስፈልግ የእጅና የልብስ እጥበት ውሃ በሚፈስበት ስፍራ ዘንጉን መቅበር ነው። ዘንጉ መዳብ የተለበጠ ሆኖ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ባያንስ፣ አንዱ ባይበቃ ሁለተኛው ከርዝመቱ ባላነሰ ርቀት ቢጨመር፣ ሽቦውም በእጅ ተጠምዝዞ ሳይሆን በመቆለፊያ ቢያያዝ መልካም ነው። ባለሙያ ሲለካውም በጂላል ወራት ይለካው። በዝናብ ጊዜ የተደረገ ልኬት ጤነኛ ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ከመመርመሩ አይለይም።

የምድር ሽቦውን ከውሃ ቧንቧ ጋራ ማሰር ቀድሞ በብዙ አገር የተለመደ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው የውሃ መስመር ፕላስቲክ ስለ ሆነ ኮረንቲው መሬት ሳይደርስ በብረቱ ቁራጭ ላይ ይቆማል፤ ቧንቧውን የሚከፍተውን ሰው ይጠብቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከምድሩ ምላስ ጋራ በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ መንዘሩ ወዲያው ስለሚጠፋ ምስጋና ያገኛል። ነገር ግን ነፋስ ኒውትራሉን የበጠሰው ዕለት፣ ወይም ከጥገና በኋላ ሁለቱ ሽቦዎች በምሰሶው ላይ ተለዋውጠው የታሰሩ ዕለት፣ የቤቱ ብረት ሁሉ ያለ አንዳች መከላከያ ሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ከምድር ሽቦ እጦት የተሳሳተ ምድር ሽቦ ይብሳል የምንለው ይህንን አይተን ነው።

የውሃ ነገር በእኛ ከተሞች ሁልጊዜ ከኤሌክትሪክ ጋራ የተያያዘ ሆኗል። የመስመር ውሃ በተራ ስለሚመጣ ብዙ ቤት ውሃውን በፓምፕ እየሳበ ወደ ሮቶ ያወጣል። ፓምፑ ብረት ነው፤ የተቀመጠውም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነው። በዚያው ስፍራ ሰው ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እጁም እግሩም የራሰ፣ ጫማውም የወለቀ ነው። በመስጊድና በትምህርት ቤት ግቢ ያለ ፓምፕ ከቤት ፓምፕ ይልቅ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ስለዚህ ነው። በቀብሪ በያህ፣ በሐርታ ሼክና በአካባቢያቸው ደግሞ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ብርካ አለ። ወደ ብርካ ወርዶ ደለል የሚጠርግ ወይም የወደቀ ባልዲ የሚያወጣ ሰው ከመግባቱ በፊት የፓምፑ ስፒና ተነቅሎ፣ ስፒናውም በሚታመን ሰው እጅ መያዝ አለበት። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ማጥፊያው የቆረጠው ኒውትራሉን ሊሆን ይችላልና። በውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ጫማ አያድነውም።

ስለ ቆርቆሮ ቤት ጥቂት እንበል። ሽቦ በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ አልፎ ነፋስ በሚያወዛውዘው ጊዜ ልባሱ ይፋቃል፤ ያን ጊዜ ግድግዳው በሙሉ ኮረንቲ ይሆናል። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተወጠረ የልብስ ማስጫ ሽቦ ያለ እንደ ሆነ፣ እርጥብ ልብስ ይዛ ወደ እርሱ የምትዘረጋው እጅ የማን እንደ ሆነች አንባቢ ያስባል። ልብስ ማስጫ በገመድ ይሁን። ጄኔሬተር ያላቸውም ሰዎች በሁለቱም ጫፍ ወንድ ስፒና ባለው ገመድ ወደ ቤት ሶኬት ኃይል ማስገባታቸውን ይተዉ፤ የተነቀለው ጫፍ ራቁቱን የቆመ ፌዝ ነው፤ በመንገድ ምሰሶ ላይ የሚሠራውንም ሠራተኛ ይገድላል። መለዋወጫ ማብሪያ ያስገቡ።

በሕግ በኩል የሚጎድል ነገር ያለ አይመስለንም። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10 የተባለው የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንግጓል፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ደግሞ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይፈልጋል። ሠራተኛ ስትጠሩ ምስክር ወረቀቱን ለማየት አትፈሩ። ሐኪም የሆነ ሰው ምስክር ወረቀቱን በግድግዳ ይሰቅላል፤ የቤታችሁን ሽቦ የሚነካም ቢጠየቅ ሊቆጣ አይገባውም።

ወደ ሴትዮዋ ቤት ከባለሙያ ጋራ ተመልሰን ነበር። ከምጣዱ የወጣው ገመድ ሦስት ሽቦ ያለው ሆኖ ተገኘ፤ አረንጓዴና ቢጫው ግን በስፒናው ውስጥ ከሥሩ ተቆርጦ ነበር። ሶኬቱም ምላስ አልነበረውም፤ በግድግዳውም ውስጥ የወረዱት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ነበሩ። ምጣዱ ሲገለበጥ ሸክላው በአንድ ወገን ተሰንጥቆ፣ የሊጥ ቅርፊት እስከ ላሜራው ደርሶ ታየ። ባለሙያው ከቆጣሪው ሳጥን አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ መስመር ሳበ፣ አርሲዲ አስገባ፣ በልብስ ማጠቢያው ስፍራ ዘንግ ቀበረ፣ ምጣዱንም ለሸክላ ሠሪ መለሰው። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። በመሣሪያው ላይ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ቁልፍ አለ፤ እርሱን በየሦስት ወሩ መጫን፣ ካልቆረጠም መሣሪያውን ማስለወጥ እንደሚያስፈልግ ለልጃቸው አሳየነው። እማማ የላስቲክ ጫማውን ግን እስከ ዛሬ ከግድግዳው ሥር አላነሡትም።

አደጋ ደርሶ የተገኘ እንደ ሆነ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ የተያዘውን ሰው አትንኩ፤ የነካው ሁለተኛ ሬሳ ይሆናል። ኃይሉን ከብሬከሩ አጥፉ ወይም ስፒናውን ንቀሉ። ይህ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ገፍታችሁ ለዩት። ይህ ለቤት ውስጥ ሽቦ ብቻ ነው፤ ከመንገድ ምሰሶ ለወደቀ መስመር ማንም ሰው አይቅረብ፣ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደወል። ሰውየው ተለይቶ የማይናገርና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ፣ ጊዜ ሳታጠፉ በደረቱ መካከል ሁለት እጃችሁን ደርባችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተጫኑ። የሠለጠነ ሰው ያለ እንደ ሆነ ከ30 ግፊት በኋላ 2 ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ይስጥ። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ።

ይህ ዘዴ ከኤሌክትሪክ አደጋ የተወለደ መሆኑን ጥቂት ሰዎች ያውቃሉ። ዊልያም ካወንሆቨን ሐኪም አልነበሩም፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ። በመስመር ላይ የሚሠሩ ሰዎች በኮረንቲ ልባቸው ሲቆም እንዴት እንደሚድኑ ሲመራመሩ፣ ከረዳታቸው ከጋይ ኒከርቦከርና ከሐኪሙ ከጄምስ ጁድ ጋራ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆነው ደረትን ሳይከፍቱ ከውጭ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል በ1960 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታወቁ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ልቡ ለቆመ ሰው ሁሉ የሚደረገው እርሱ ነው።

በኤሌክትሪክ የተያዘውን ሰው «ኮረንቲው እንዲወጣለት» በአፈር ወይም በአሸዋ መቅበር በህንድ ገጠር የታወቀ ልማድ ነው፤ በእኛም ዘንድ በመብረቅ ለተመታ ሰው ይህንኑ የሚመክር አይጠፋም። ኮረንቲ በአካል ውስጥ ተቀምጦ አይቆይም፤ ሽቦው በተለየ ቅጽበት አብሮ ሄዷል። አፈሩ የሚያደርገው ደረትን አፍኖ፣ ልብን ለማስነሣት የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች መብላት ብቻ ነው። ሰውየው ነቅቶ ቢነሣና ደህና ነኝ ቢልም ወደ ካራማራ ወይም ወደ ሼክ ሐሰን ያበሬ ሆስፒታል፣ ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በቆዳ ላይ እንደ ሽምብራ የምታህል ቃጠሎ ከሥሯ ሰፊ የሥጋ ጉዳት ልትሸፍን ትችላለች፤ የልብም ምት በመሣሪያ መታየት አለበት።

ለመምህራን አንድ ልመና አለን። ተማሪዎቻችሁ ምንም ሶኬት ሳይፈቱና ሳይነኩ፣ በዓይን ብቻ አይተው ከየቤታቸው አራት ነገር ጽፈው እንዲያመጡ አድርጉ፦ በቤት ውስጥ ስንት ሶኬት እንዳለና ስንቱ የጎን ምላስ እንዳለው፤ በቆጣሪው ሳጥን ውስጥ የ«ቲ» ቁልፍ ያለው መሣሪያ መኖሩን፤ በግቢ የተቀበረ ዘንግ መኖሩን ወላጅ ጠይቀው፤ በመጨረሻም «የሚነዝር ዕቃ አለን?» ተብሎ ለእናት የሚቀርብ ጥያቄ። ለአራተኛው ጥያቄ «አዎን» የተባለበትን ቤት ቁጥር በቀበሌው ከፋፍላችሁ፣ የቤተሰቡን ስም ሳትጽፉ፣ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብትልኩልን ባለሙያ ይዘን የምንሄድበትን ቅደም ተከተል ከጂላል በፊት ለማውጣት ያስችለናል።